ትሉ አገዳ ውስጥ ተሸሽጎ ተርቧ በምን ታገኘዋለች?

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች በትል ላይ እንቁላሏን ስለምትጥለው ጥገኛ ተርብ ናቸው።

ከቡሬ፦ አገዳ ቆርቁር አገዳው ውስጥ ነው የሚኖረው። ተርቧ ሳታየው በምን ታውቀዋለች?

በጠረን ነው፤ ጥቆማውን የሚሰጣት ደግሞ በቆሎው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎቹ ተርሊንግስ፣ ተምሊንሰንና ሉዊስ እንዳሳዩት፣ አባጨጓሬ የበላው የበቆሎ ቡቃያ ከሰዓታት በኋላ ተርብ የሚስብ ጠረን ያወጣል። ቅጠሉን እንዲሁ ቢቆርጡት ያን ያህል አይሸትም፤ የትሉ ምራቅ ቁስሉን ሲነካው ነው ተክሉ የሚጣራው። አገዳ ቆርቁርን የምታጠቃው የአፍሪካ ተርብ፣ ኮቴዢያ ሰሳሚዬ፣ ትሉ የቦረቦረውን መንገድ ተከትላ ገብታ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች።

ከመራዊ፣ ተማሪ፦ ችሎታው አብሯት ይወለዳል ወይስ ትማረዋለች?

ጎበዝ፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቅከው። የትሉን ኩስ መለየት አብሯት ይወለዳል። አንዳንዱ ትል ግን ዛሬ ጥጥ ላይ፣ ነገ አኩሪ አተር ላይ ይገኛል፤ የትኛው ተክል ምን እንደሚሸት አስቀድማ ልታውቅ አትችልም። ማይክሮፕሊቲስ ክሮሴይፐስ በተባለች ተርብ ላይ ሉዊስና ተምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ ኩሱን በአንቴናዋ ስትነካ በዚያች ቅጽበት የሸተታትን ትይዛለች፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ጠረን ትበራለች። አንዱን ጠረን ከትል፣ ሌላውን ከስኳር ውሃ ጋር ካስተማሯት ደግሞ ስትርባት የምግቡን፣ ስትጠግብ የትሉን ትመርጣለች! ቀፎ ያላችሁ ይህ አይገርማችሁም፤ የመች አበባ ሲፈካ ንቧ እንዲሁ አይደል የምትማረው? እኔን ግን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነፍሳት ይህን ማድረጓ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከዳንግላ፦ ሰው ትነድፋለች?

እነዚህ በቆሎ ውስጥ ያሉት አይነድፉም። ልጆቹን አያስፈሯቸው።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንዲት እናት፦ አገዳ ስሰነጥቅ ከሞተ ትል አጠገብ ጥጥ የመሰለ ነጭ ጥቅልል አገኘሁ። የትል እንቁላል መስሎኝ አቃጠልኩት።

እናቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተርቧ ልጆች ትሉን ከውስጥ በልተው ወጥተው የፈተሉት ክር ነው፤ በእያንዳንዱ ጥቅልል ውስጥ አንዲት ተርብ አለች። ዳግመኛ ካገኙ ያንን ስንጣሪ ከማሳው ዳር ጥላ ቦታ ያስቀምጡልኝ፤ መድኃኒትም አይርጩበት። አንዳንዶቹ ተርቦች የመጀመሪያውን ጠረን የሚማሩት ከጥቅልሉ ሲወጡ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ የሚወጡት በቆሎ እየሸተታቸው ነው።