ዕቅዱ ጸደቀ፣ ሰዎቹ ጠፉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የጤና ባለሙያ ነኝ። ለምሠራበት አካባቢ ሕዝቡን ያሳተፈ የአንድ ዓመት የጤና ዕቅድ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ሰው ጠራሁ፣ 40 የሚሆን መጣ። ያወሩት ግን አራት ናቸው፣ እነሱም ሁሌ የሚያወሩት። የቀረው ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ያዘጋጀሁትን ዕቅድ አነበብኩ፣ አስተያየት ካለ አልኩ፣ ዝም አሉ። ተጨበጨበና ጸደቀ። ሥራው ሲጀመር ብደውል ብደውል የተገኘው ስድስት ሰው ነው። ሌላው "ዕቅዱ የእናንተ አይደል እንዴ?" ይለኛል። ምን አጠፋሁ? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እኅቴ፣ መልሱን እነሱ ነግረውሻል እኮ። ዕቅዱ የእናንተ ነው። ተጽፎ ያለቀ ነገር ይዞ ገብቶ "አስተያየት ካለ" ማለት፣ በጨዋ አነጋገር "ፈርሙልኝ" ማለት ነው። ሰው ደግሞ ይሄን ለማወቅ አምስት ደቂቃም አይፈጅበትም።

ብቻሽን አይደለሽም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት 46 ስላይድ ይዤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ገባሁ። ሃያኛው ላይ ስደርስ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ካለቀ እኛን ለምን ጠራኸን?" ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ ብልሽ ደስ ባለኝ። አላጠፋሁም። እስከ 46ኛው ድረስ አነበብኩት።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት የሕዝብ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላው ነበር። ከታች ሕዝቡን ማታለል አለ፣ ከላይ ሕዝቡ ራሱ የሚወስንበት ደረጃ። ማሳወቅ ሦስተኛው፣ ማማከር አራተኛው ነው። ያንቺ ስብሰባ ሦስተኛው ላይ ቆሟል። ማሳወቅ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ያንኑ ሪፖርት ላይ "ተሳትፎ" ብሎ መጻፉ ላይ ነው።

እና በሚቀጥለው ምን ታደርጊያለሽ? ገና ስትከፍቺ የተዘጋውንና ክፍቱን ለይተሽ ንገሪያቸው። "በጀቱ ይሄ ነው፣ አይነካም። የክትባቱ ፕሮግራም ከላይ የመጣ ነው፣ አይነካም። የቀረውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።" ሰው ሥልጣኑ ጠባብ ስለሆነ አይቀየምም፣ የሌለውን አለህ ሲሉት ነው የሚቀየመው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። "የአካባቢያችን የጤና ችግር ምንድን ነው?" እንዳትዪ። "የግንዛቤ እጥረት" ይሉሻል፣ ምክንያቱም ባለሙያ መስማት የሚፈልገው እሱን ይመስላቸዋል። ይልቅ "ባለፉት ሦስት ወራት ሐኪም ቤት መሄድ እያለባችሁ ያስቀራችሁ ነገር ምንድን ነው?" በያቸው። ለእያንዳንዱ ወረቀት ስጪ፣ አሥር ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ። አዎ፣ በዝምታ። መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል፣ አንድ ሰው ያስላል፣ አንዱ ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። መጻፍ ለማይችል ዞር ብሎ የሚጽፍለት ሰው መድቢ፤ ዘመዱ ወይ አለቃው ግን አይሁን። ሲጨርሱ በየተራ አንዳንድ ብቻ ያነባሉ። አስተያየት የለም፣ "ግን" የለም። እነዚያ አራቱ ተናጋሪዎች እዚህ ጋ እንደማንኛውም ሰው አንድ ወረቀት ነው ያላቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ግድግዳው ላይ ስትጽፊ ያሉትን እንዳሉት ጻፊው። አንዱ "ወረፋ ስጠብቅ የቀን ሥራዬ ያመልጠኛል" ሲል እጅሽ ወዲያው "የአገልግሎት ተደራሽነት ውስንነት" ብሎ ሊጽፍ ይቸኩላል (የተማርን ሰዎች በሽታ ነው ይሄ)። ያዥው። ሰውየው ግድግዳው ላይ የራሱን ቃል ካላየ የሰማሽው አይመስለውም። ደግሞም መፍትሔው ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። ወረፋ ከሆነ ችግሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጧት ቀደም ብሎ መክፈት ይበቃ ይሆናል። "ተደራሽነት" ካልሽው ግን መፍትሔው ሕንፃ መገንባት ይመስልሻል።

የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰብስቢ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ክብ ተለጣፊ ስጪና የሚመርጡት ላይ ይለጥፉ። የሚከበረው ሰው መጨረሻ ይለጥፍ። ቀድሞ ከለጠፈ ሁሉም ከኋላው ነው የሚሄደው።

የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት በምንም አትነኪያት። ለተመረጠው ነገር ሁሉ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ብለሽ ስም ያዢ። "ኮሚቴው ይከታተለዋል" የሚል ሐሳብ ከመጣ አትቀበዪ። ኮሚቴ ስልክ የለውም፣ ስትደውዪ አያነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። 40 ሰው መጣ ብለሻል፣ ማን አልመጣም? የሥራ ቀን ጧት ከጠራሽ የመጡት ጊዜ ያላቸው ናቸው። አልጋ ላይ ያለ ሰው የሚያስታምሙት፣ ጨቅላ የያዙት፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉት የሉም፤ ስለ ጤና ብዙ የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው። እነሱን አትጥሪያቸው፣ ያችን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የበጎ ፈቃድ አወያይ ነኝ። በየስብሰባው ማይኩን ይዘው የማይለቁ አንድ አባት አሉ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ማቋረጥ ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ቤታቸው ሂድ። ግማሽ ሰዓት አዳምጣቸው፣ ማስታወሻ እየያዝክ። ብዙ ጊዜ ሰው አንዱን ነገር የሚደጋግመው የሰማው ስለሌለ ነው። ስብሰባው ላይ ደግሞ ሕጉን ለሁሉም አውጣ፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይናገር ማንም ሁለተኛ አይናገርም። ያኔ የሚያስቆማቸው ሕጉ እንጂ አንተ አይደለህም።

ጥያቄ፦ መረጃችን የደም ግፊትና ስኳር እየጨመረ ነው ይላል። ሕዝቡን ቅድሚያ አስመርጠን ግን አንደኛ የወጣው የመንገድ መብራት ሆነ። አለቃዬ "የጤና ዕቅድ ነው ወይስ የመብራት?" እያሉ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ። መጀመሪያ ለምን መብራት እንዳሉ ጠይቀሃል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀኑን ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ይሄን ደቂቃ ከየት ያመጣዋል? ከማታ። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ማን ይራመዳል? ስለዚህ መብራቱና የደም ግፊቱ አንድ ጉዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ፣ ሳትጠይቅ አትወስን።

በሌላ በኩል አለቃህም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። የማይሰማውን ነገር ሰው ስብሰባ ላይ ሊያነሳው አይችልም። ስለዚህ መረጃው መናገር አለበት፣ ግን እንደ አንድ ተሰብሳቢ። ከድምፅ አሰጣጡ በፊት፣ በአንድ ወረቀት፣ ሦስት ቁጥር ብቻ፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጎን ለጥፈው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አብራችሁ ጠይቁ፤ ስንት ሰው ይነካል? ምን ያህል ይጎዳል? እኛ ልንቀይረው እንችላለን? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ሊያነሳው የማይችል ድንጋይ ተሸክሞ የሚዞር ዕቅድ የሚወለደው እዚያ ነው።

የባለሙያው መረጃና የሕዝቡ ድምፅ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ለማየት የፊንላንዷን ሰሜን ካሬሊያ ተመልከት። ወንዶች በልብ ሕመም ገና በሥራ ዕድሜያቸው እየረገፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ነዋሪዎቹ ራሳቸው በተወካዮቻቸው በኩል ለመንግሥት አቤት አሉ፣ በ1972 ሥራው ተጀመረ። ባለሙያዎቹ ሲጋራን፣ ኮሌስትሮልንና የደም ግፊትን ይዘው መጡ። ማዕድ ቤቱን ያወቁት ግን የሴቶች ማኅበራቱ ናቸው፤ ቅቤና ጨው የበዛበትን ምግብ ቀስ በቀስ የቀየሩት እነሱ ነበሩ። በኋላ መንደሮች ኮሌስትሮል በመቀነስ እስከ መወዳደር ደረሱ። በአርባ ዓመት ገደማ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ዘንድ በልብ ሕመም የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሕክምናውም ስለተሻሻለ ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አይባልም፣ ግን ትልቁ ድርሻ የአኗኗር ለውጡ ነው።

አንተ ጋ ስንመለስ፣ መብራቱን ከዕቅዱ አትሰርዝ። የጤናውን በጀትም መብራት ላይ አታፍስስ። መብራቱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ጥራ፣ ደብዳቤውንም ለተሰብሳቢው አንብብላቸው። ካልመጡ ወንበራቸው ባዶውን ይቀመጥ፣ አለመምጣታቸውም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።