ከጆንያው አፍ የተዘገነ ጤፍ

ጥያቄ፦ ሦስት የጎረቤት ልጆች ሪያድ ቆይተው ለወላጆቻቸው ቤት አሠሩ። እኅቴ «የሄደ ሁሉ ይሳካለታል» ብላ ልትነሣ ነው። ምን ልበላት? (ከደሴ)

መልስ፦ ካየነው ተነሥተን ስላላየነው መደምደም በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ያለ እርሱ ገበያም አይወጣም። እናቴ ጤፍ ስትገዛ ግን ከጆንያው አፍ የተዘገነውን አታምንም ነበር። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ከሥር ታወጣለች። ሦስቱ ልጆች የጆንያው አፍ ናቸው፤ ቤታቸው ከሩቅ ይታያል። ደመወዟን የተከለከለችው፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ግን ለጎረቤት የምታሳየው ቆርቆሮ የላትም፤ ስለዚህ ከቁጥር ትወጣለች። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተባርረው ተመልሰዋል። እባክዎ፣ እኅትዎ ከመወሰኗ በፊት ባዶ እጇን የተመለሰች አንዲት ሴት ፈልገው አብረው ያነጋግሯት።