ወልቆ የተተከለ ጥርስ፦ ይቆይ ወይስ ይነቀል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት ኮብልስቶን ላይ በአፉ ተደፍቶ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። እናቴ «የልጅ ጥርስ አይደል፣ ጣራ ላይ ወርውሩት፣ ይበቅላል» አለች። እኔ ግን በሶፍት ጠቅልዬ ያዝኩት። እዚህ ክሊኒክ ደሙን አቁመው ወደ ደሴ ላኩን። የጥርስ ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ከወለቀ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር። መልሶ ተከለውና ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረው። «ለዘለቄታው ግን ላይቆይ ይችላል» አለን። ይኸው ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አሁን ደግሞ ነርቩ መውጣት አለበት ተብለናል። ባለቤቴ «ለማይቆይ ጥርስ ገንዘብ ከምንከሰክስ ይነቀልና ሲያድግ ሰው ሠራሽ ይተከልለት» ይላል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳንም ጣራ ላይ አልተወረወረ። አያስነቅሉት። የነርቩን ቀጠሮም አያሳልፉ።

የባለቤትዎ ሐሳብ ግን እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሐኪሙ «ላይቆይ ይችላል» ያለው እውነቱን ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ችካል ተመትቶ የገባ ነገር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል እንደ ስስ ትራስ ሆነው የሚይዙት ጅማቶች አሉ። ጥርሱ ሲወልቅ እነዚህ ይበጠሱና ከፊሎቹ ሥሩ ላይ እንደተጣበቁ ይወጣሉ። ሥሩ ላይ የቀሩት ሕዋሳት በዚያ ሰዓት በሕይወት አሉ። ደረቅ ቦታ ግማሽ ሰዓት ከቆዩ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከደረቁ እንደሞቱ ነው የምንቆጥራቸው። ሶፍት ደግሞ ያለችውንም እርጥበት ይመጥጣታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የልጅዎ ጥርስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ጅማቱ የሞተ ሥር ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ ይጣበቃል። አጥንት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ራሱን እያፈረሰ የሚሠራ አካል ነው። ሥሩንም የራሱ አድርጎ ቀስ በቀስ ይበላና በቦታው አጥንት ይተካል። ይህ በአንድ ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይወስዳል።

ታዲያ ለምን ተተከለ? ለአጥንቱ ሲባል ነው። ጥርስ የሌለበት የመንጋጋ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ባለቤትዎ ያሰቡት ኢምፕላንት የሚተከለው ደግሞ የልጁ የፊት አጥንት አድጎ ሲያበቃ ነው። 18 ዓመት ሳይሞላው አይታሰብም፤ ከዚያም በላይ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። እስከዚያ ቢያንስ ሰባት ዓመት አለ። ቦታው ሰባት ዓመት ባዶውን ከቆየ በኋላ ኢምፕላንቱን የሚሸከም በቂ አጥንት ላይገኝ ይችላል። እና ለባለቤትዎ ዕቅድ ራሱ ቦታውን የሚጠብቅላቸው ይኸው የማይረባ የመሰላቸው ጥርስ ነው። ልጁም ክፍል ውስጥ አፉን በእጁ ሸፍኖ ከመሳቅ ይድናል። ይህን ነገር ወላጆች ያቃልሉታል፤ እኔ አላቃልለውም።

ስለ ነርቩ። በ11 ዓመቱ የፊት ጥርስ ሥር ጫፉ ተዘግቷል። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ነርቭና ደም ስር አንዴ ከተበጠሰ አይቀጠልም። ውስጡ የቀረው ሥጋ ይሞታል፣ ያመረቅዛል፣ ሥሩንም ቶሎ ያስበላዋል። ስለዚህ ከተተከለ በ2 ሳምንት ውስጥ መጽዳት አለበት። እርስዎ ስድስተኛ ቀን ላይ ስለሆኑ ገና ጊዜ አለዎት። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆንና ጥርሱ ወዲያው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፣ የሥሩ ጫፍ ገና ክፍት ስለሆነ ደም ስሩ ተመልሶ ይገባ ይሆናል ብለን እያየን እንጠብቅ ነበር።

የቴታነስ መርፌ መውሰዱን አልጻፉልኝም። ካልወሰደ ወይም ክትባቱን ካላስታወሱ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የታዘዘለት አንቲባዮቲክ ካለ ይጨርስ። ሽቦው እስኪፈታ፣ ማለትም 2 ሳምንት ገደማ፣ ኳስ የለም፤ ቆሎም የለም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ በደንብ የራሰ ፍርፍር ይብላ። ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዳ። ያመኛል ብሎ ከተወው ድዱ ይቆጣል።

ከዚያ በኋላ ክትትል ነው። ጥርሱ ቢጠቁር አይደንግጡ። ድዱ ላይ ብጉር መሳይ እብጠት ከወጣ ወይም መግል ካዩ ግን ቶሎ ይሂዱ። ልጁ ሲያድግ ጥርሱ ከጎረቤቶቹ ያጠረ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥርሱ ወደ ላይ ሄዶ አይደለም፤ ከአጥንቱ ጋር ስለተጣበቀ አብሮ መውረድ አቅቶት ነው። ያኔም ቢሆን መንቀል ብቻ አይደለም መፍትሔው። የሚታየውን ነጩን ክፍል ቆርጦ ሥሩን አጥንቱ ውስጥ መተው የሚባል ሕክምና አለ፤ አጥንቱን ያተርፋል።

የማይተከል ጥርስ የለም ማለቴ አይደለም። የወተት ጥርስ አይተከልም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። እናትዎ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የላይኞቹ የፊት ቋሚ ጥርሶች ከሰባትና ከስምንት ዓመት ጀምሮ ይወጣሉ፣ እነሱ ከወለቁ ምትክ የላቸውም። ከባድ የልብ ሕመም ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያው በጣም የተዳከመ ልጅም ሐኪም ሳያየው አይተከልለትም።

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሾፌር ልጁን አቅፎ መጣ። በሌላው እጁ የካፌ ብርጭቆ ይዟል፤ ውስጡ ወተት፣ ወተቱ ውስጥ ጥርስ። ፒያሳ ላይ ባጃጁን አቁሞ ካፌ ገባና ቀዝቃዛ ወተት አስቀዳ። ብርጭቆውን ሳይመልስ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ የዚያን ቀን ከእሱ የበለጠ ሐኪም አልነበረም።

ሌላ ልጅ ቢገጥምዎ እንዲህ ያድርጉ። ጥርሱን በነጩ በኩል ይያዙ፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ፣ ሳሙና አያስነኩ። ቆሻሻ ካለው በወተት ወይም በልጁ ምራቅ፣ ከጠፋም በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ ብቻ ያድርጉት። ከዚያ እዚያው መልሰው ቀዳዳው ውስጥ ይክተቱት፣ ልጁም ንጹሕ መሐረብ ይንከስበት። ከዚህ የሚበልጥ የለም። እጅዎ እምቢ ካለ ወተት ውስጥ ይክተቱት፤ እርጎ አይሆንም። ውኃ ውስጥ ማቆየት ሕዋሳቱን ያፈነዳቸዋል። በጾም ሰሞን ቤት ወተት ከሌለ ጎረቤት ያንኳኩ፤ ወሎ ውስጥ በአንድ አጥር ዛሬ የሚጾምም የማይጾምም አይጠፋም። እሱም ከታጣ ልጁ ብርጭቆ ውስጥ ምራቁን ይትፋበት። ልጁ ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ጥርሱ ይቆይ፤ ቅድሚያ ለጭንቅላቱ ነው።

ለነርቩ ቀጠሮ ወደ ደሴ ሲወጡ ባለቤትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ አድርጎ ሥሩን የያዘውን አጥንት በጣቱ ያሳያቸው።