ጆርናል ማንበብ ምን ያደርግልኛል ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ኦኩፔሽናል ቴራፒ እየተማርኩ ነው። ሥራው ከሰው ጋር ነው፣ ታዲያ ጆርናል ማንበብ ምን ያደርግልኛል?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። ሙያችን በሕመም ወይም በጉዳት የደከመ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ ማገዝ ነው፤ ጆርናል ደግሞ የሙያው የጥናት ጽሑፎች የሚወጡበት መጽሔት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ካልሆነ አላነብም ነበር። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ እዚህ አሜሪካ ያገኘኋቸው አንዲት ታካሚ ናቸው።

ስትሮክ የመታቸው የአገራችን እናት ነበሩ። የወጥ ቤት ግምገማችን ሳንድዊች መሥራትና ማይክሮዌቭ መጠቀም ነበር። ግራ ገባቸው። እኔም «ሥራ በቅደም ተከተል መሥራት ይቸግራቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ልጃቸው ስትሰማ ሳቀች። «እማዬ ደህና እያለችስ መቼ ሳንድዊች ሠርታ ታውቃለች?» አለችኝ። አፈርኩ። በሌላ ቀን ጀበናና ረከቦት ይዘው መጡ። ቡናው ቤት ተቆልቶ ተፈጭቶ ነው የመጣው፣ የጭስ ደወሉን ፈርተን። ግራ እጃቸው ደከም ቢልም አፍልተው፣ አስክነው፣ ቀድተው አጠጡን። አንድም ነገር አልዘለሉም።

ያን ማታ ስለ መገምገሚያው የተጻፈውን ፈልጌ አነበብኩ። የተሞከረው በእሳቸው ዓይነት ሰው ላይ አልነበረም። ጽሑፉ ይህን አልደበቀም፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ድሮዎቹም ገባሁ። ሙያው በአሜሪካ ማኅበር ያቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 ነው። በ1922 ከመሥራቾቹ አንዱ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ረሽ ደንተን፣ የመጀመሪያውን ጆርናል ማዘጋጀት ጀመረ። እዚያው የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሌላው የአእምሮ ሐኪም አዶልፍ ማየር ስለ ሥራ፣ ዕረፍት፣ ጨዋታና እንቅልፍ ሚዛን ጽፏል። ዛሬም ክፍል ውስጥ የምትሰሚው እሱን ነው። በ1947 ማኅበሩ የራሱን ጆርናል አወጣ። በጊዜው ሙያው ወደ ሐኪሞቹ ዓይነት አስተሳሰብ እያዘነበለ ሄደ፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ አተኮረ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ሜሪ ራይሊ በ1961 ባቀረበችው ንግግር ወደ መነሻችን፣ ወደ ሰው የዕለት ሥራ፣ እንመለስ አለች። ንግግሩ በ1962 በዚያው ጆርናል ወጣ። ተማሪዋ የነበረው ጌሪ ኪልሆፍነር ደግሞ በ1980 ከጃኒስ በርክ ጋር በጀመራቸው አራት ተከታታይ ጽሑፎች ሐሳቧን ቴራፒስት ወደሚሠራበት ማዕቀፍ፣ ወደ ሞዴል፣ ለወጠው። አየሽ፣ መምህርሽ በአንድ ስላይድ የሚያልፈው ነገር የስንት ዓመት ሙግት ነው።

አነባበብ ላይ፣ ከማጠቃለያው አትጀምሪ። ተሳታፊዎቹ እነማን ናቸው የሚለውን መጀመሪያ እዪ። ስንት ሰው? የት አገር? ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠራሉ? ስታቲስቲክሱ መጀመሪያ ላይ ቢያስፈራሽ ዝለዪው፣ ቀስ ብሎ ይገባል።

ገንዘብ ካሳሰበሽ የደቡብ አፍሪካው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጆርናል በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። ለእኛ ኑሮም ይቀርባል። የሚከፈልባቸውን ደግሞ ሂናሪ በሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የጥናት ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርብበት ፕሮግራም በኩል ማግኘት ይቻላል። ቤተ መጻሕፍታችሁ ሄደሽ «የሂናሪ የይለፍ ቃል አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።