የማተቡ መሐላ

ውድ ወጣት መምህራን፣

በቅርቡ ማስተማር የጀመረች አንዲት እህት፣ «ተማሪዎቼን በእምነታቸውና በምግባራቸው ማገዝ እፈልጋለሁ፤ ሕጉ ይከለክለኛል ብዬ ግን እፈራለሁ» ስትል ጻፈችልኝ። የሕጉን ነገር በአጭሩ ልመልስ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው የእምነት ነፃነት ያረጋግጣል። ስለዚህ መምህር በክፍል ውስጥ አይሰብክም፤ ተማሪም እምነቱን በር ላይ አራግፎ አይገባም። ጥያቄዋ ግን ከሕጉ አልፎ 34 ዓመት የተሸከምሁትን ጸጸት ቀሰቀሰብኝ።

በ1984 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ማብቂያ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ገቡ፣ ከሰዓት በኋላ ፊቴ የሚቀመጡት ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከንፈራቸው የደረቀ ነበር። አንዱ የሌላውን ጾም ያከብር ነበርና፣ ያልጾመ ልጅ እንኳ ውኃ የሚጠጣው ከክፍል ወጥቶ ነበር፤ ይህን ማንም መምህር አላስተማራቸውም።

በዚያው ሰሞን ፈተና ሳርም፣ የልብን ክፍሎች በሚያሳየው ሥዕል ላይ ሁለት ልጆች ያንኑ ስህተት በዚያው ቦታ ሠርተው አገኘሁ። አንደኛው የደረጃ ተማሪ ስለ ነበር፣ ጥርጣሬዬ ያለ ምርመራ በሌላው ላይ ወደቀ። በክፍሉ ፊት አስነሥቼ ስጠይቀው የአንገቱን ክር በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ቲቸር፣ በማተቤ አልኮረጅሁም» አለኝ። እኔ ደግሞ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ሲባል እየሰማሁ የተማርሁ ወጣት ነበርሁና፣ «ክር ለፈተና ምስክር አይሆንም» ብዬ ዜሮውን ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ክፍሉ ሳቀ። ከጎኑ የሚቀመጠው ሙስሊም ጓደኛው ብቻ ሳይስቅ ተነሥቶ፣ «ወላሂ ቲቸር፣ እሱ አይዋሽም» ሲል፣ እርሱንም በቁጣ አስቀመጥሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረጃ ተማሪው ራሱ መጥቶ የኮረጀው እርሱ እንደ ሆነ ነገረኝ። ውጤቱን አስተካከልሁ፤ ነገር ግን በ60 ልጆች ፊት ያዋረድሁትን ልጅ የጠራሁት ለብቻው፣ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። «እሺ ቲቸር» ብሎ ሲዞር አንገቱ ላይ ማተቡ አልነበረም። ለምን እንዳወለቀው አልጠየቅሁትም። ታማኝነት የጎደለውን ሰው «ማተብ የለውም» የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ለዚያ ልጅ አምላኩን መፍራትና እውነት መናገር በአንድ ክር የታሰሩ ነበሩ፤ እኔም የበጠስሁት ያንን ነው።

የተማሪን እምነት ማገዝ በእኔ ዘንድ ከሁሉ በፊት ቃሉን አለመናቅ ነው። የማለ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን ልጆች ለየብቻ ጠርቼ ሥዕሉን እንደ ገና እንዲሠሩት ባደርግ ኖሮ፣ እውነቱ በአሥር ደቂቃ ይወጣ ነበር። እናንተ የዛሬ ወጣቶች ስለ ሃይማኖት በስልክ ስትከራከሩ ታነጋላችሁ፤ መሐላው ግን በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ሳይታሰብ ከአፋችሁ ይወጣል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። መምህር አይሰብክም ብዬ ከላይ ብጽፍም፣ ከዓመታት በኋላ እናቱ የሞተችበት አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲጠይቀኝ ስለ ሞት የማምነውን ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ፤ ዛሬም ቢጠይቀኝ ዝም አልለውም።

በ2017 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁለቱ አጽዋማት ሲገጣጠሙ፣ ፈተናችሁን ጠዋት አድርጉት። በልጅ ላይ ስትሳሳቱ ደግሞ ይቅርታውን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሳቁት ልጆች ፊት ጠይቁ። ያን ዕለት ከማረፊያ ክፍሉ እስከ ተማሪዎቼ በር ድረስ ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር።