መርዶውን ፌስቡክ ቀደመን

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አክስቴ ባለፈው ወር አረፈች። ልጇ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔና እሷ አብረን ነው ያደግነው። አክስቴ ባረፈች ዕለት ጠዋት ፎቶዋን ከሻማ ጋር አድርጌ «ነፍስሽን በገነት ያኑረው» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ቤተሰቡ ለልጇ ገና አልነገራትም ነበር። እኔ ይህን አላሰብኩም። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ከፎቶው ሥር ስሟን ጠርቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ጻፈላት። ምሳ እየሠራች ስልኳን ከፈተች። የእናቷን ሞት ያወቀችው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ፎቶውን አጥፍቼ ረጅም የይቅርታ መልእክት ላክሁላት። አይታዋለች፣ ግን አልመለሰችም። ክፋት አልነበረኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ክፋት እንዳልነበረሽ አምናለሁ። ግን ያ ሰዓት ለእሷ ምን እንደነበር ቀስ ብለን እንየው። ይቅርታሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መርዶ ሲነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነገረው። ሐዘንተኛዋ ማታ እህል ቀምሳ፣ ሌሊቱን ተኝታ እንድታድር ነው። ዘመድና ጎረቤት ድምፁን አጥፍቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። ማን እንደሚናገር ይመረጣል። ሴቶቹ ጠጋ ብለው ይቆማሉ፤ ራሷን ብትጥል የሚይዛት እንዲኖር። ነፍሰ ጡር ናት ወይ? ልቧን ያማታል ወይ? ሁሉም ቀድሞ ይታሰባል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን እንኳ ሥራ ሳይገቡ፣ ገና በጨለማ ተሰብስበው ነው በር የሚያንኳኩት።

የአክስትሽ ልጅ ይህ ሁሉ ቀረባት። ሰው ማድ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው እየነደደ፣ ብቻዋን ነበረች። የሪያድና የደብረ ብርሃን ሰዓት አንድ ነው። እናንተ ተቃቅፋችሁ ስታለቅሱ እሷ የአሠሪዎቿን ምሳ ማድረስ ነበረባት። ደግሞ ያ ሁሉ አስተያየት ከፎቶው ሥር ተደርድሮ ስታይ፣ አገር ምድሩ ከእሷ በፊት የእናቷን ሞት እንደሰማ ገባት። ይህ በጣም ያማል።

ስትለጥፊ የታየሽ የአክስትሽ ፊት ነው፤ የልጇ ፊት አልታየሽም። ስልኩ እንዲህ ያደርገናል። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ የሚሰማው ለቅሶ ቤት በእግሩ መድረስ የሚችል ሰው ነበር። የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ፌስቡክ ግን ብዙ ሰው የተቀባበለውን ነገር የበለጠ ወደ ፊት እያመጣ ያሳያል፤ የሚደርሳት ሰው አጠገቧ ይኑር አይኑር አያይም። ያን ማየት የእኛ ድርሻ ነበር።

የራሴን ልንገርሽ። ወንድሜ ሲያርፍ እህቴ ቤይሩት ነበረች። ማክሰኞ ቀበርነው። እሷ የምታርፈው እሁድ ብቻ ነው። ሐሙስ ደውላ «ሁሉም ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና ነን» አልኳት። ያቺ ቃል እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች። እዚያ ያለች ጓደኛዋን በስልክ አፈላልገን አገኘናት። እሁድ ጠዋት አሥር የሚሆኑ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው አረዷት። አብረዋት አለቀሱ፣ ቡና አፈሉ፣ እስኪመሽ አልተለዩዋትም። ስለዚህ ስልክን አልጠላውም። እነዚያን ልጆች ያገኘልኝ እሱ ነው። እህቴም ያን ውሸቴን ይቅር ብላኛለች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሌላ ረጅም መልእክት አትላኪ። «ክፋት አልነበረኝም» የሚለውንም ለጊዜው ተይው፤ እውነት ቢሆንም እሷን አንቺን እንድታጽናና ያስገድዳታል። በእናትሽ ወይም በምትሰማው ታላቅ ዘመድ በኩል መቼ መደወል እንደምትችዪ አስጠይቂ። ስታነሳ «ያን ቀን ምን ሆንሽ?» በያትና ዝም ብለሽ ስሚ። ብትጮህብሽም ስሚ። አልፈልግም ካለችም ጠብቂ፤ አታስጨንቂያት።

ሪያድ ውስጥ የምታውቂው ሰው ካለ ሄዶ እንዲያያት ለምኚ። አርባዋ ገና ካልደረሰ፣ ከፈቀደች፣ በዚያ ቀን በቪዲዮ አገናኙዋት። የእናቷን መቃብር ትይ፤ ጎረቤቶቹ ስሟን ሲጠሩ ትስማ። አክስትሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለ እሷ ያለችው ነገር ካለ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ንገሪያት። ይህን ፌስቡክ ላይ አላገኘችውም።

ለቤተሰቡም አንድ ነገር ልበል። ሰው ሲያርፍ፣ ማንም ከመለጠፉ በፊት «ያልተነገረው ማን አለ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕም «ልጇ አልሰማችምና አትለጥፉ» ብላችሁ ጻፉ። ሰዉ ይሰማል፤ የሚነግረው አጥቶ ነው እንጂ።

ልጅቷ ገና እርሟን አላወጣችም። አገሯ ስትገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ያን ቀን ከሁሉም ቀድመሽ ነይ፤ ራሷን ስትጥል የምትይዣት አንቺ ሁኚ።