ስለ ጌሻዎች ሥራ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጌሻዎች የተባሉት የጃፓን ባህላዊ አዝናኞች በጨዋ ስም የሚጠሩ ሴተኛ አዳሪዎች አይደሉም ወይ ብለው ለጠየቁት፣ መልሴ አይደሉም የሚል ነው። ሙያቸው በባህላዊ ጭፈራ፣ በዘፈን፣ ሻሚሰን የተባለውን ባለሦስት ክር መሣሪያ በመጫወትና በጨዋታ አዋቂነት እንግዳን ማስተናገድ ሲሆን፣ በኪዮቶ ማይኮ የሚባሉት ተለማማጆች ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠና ይወስዳሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ጌሻዎች ወንዶች እንደነበሩ ስንቱ ያውቃል?

ለስህተቱ አንዱ ምክንያት በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) ዮሺዋራን በመሰሉ፣ ሴተኛ አዳሪነት በተፈቀደባቸው ሰፈሮች ጌሻዎችና ሴተኛ አዳሪዎች ጎን ለጎን መሥራታቸው ነው፤ ሆኖም ጌሻዎቹ ገላቸውን እንዳይሸጡ በሕግ ተከልክለው ነበር። ልዩነቱ በአለባበስም ይታያል፦ የታወቁት ሴተኛ አዳሪዎች ሰፊውን መቀነት ከፊት ሲያስሩ፣ ጌሻዎች ከኋላ ያስሩታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ይውሉ የነበሩ ሴተኛ አዳሪዎች ጌሻ በሚለው ስም በመጠራታቸው ግራ መጋባቱ ባሕር ተሻገረ።

ይህን ስል ያለፈውን ማሳመሬ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ብዙ የድኻ ልጆች በዕዳ ታስረው ወደ ሙያው ይገቡ ነበር፤ የባለጠጋ ደጋፊዎችም ጫና ነበረባቸው። ያ በደል ግን የሙያው ምንነት መግለጫ ሊሆን አይገባም፤ ጊዮን የተባለው የኪዮቶ ሰፈር ጌሻዎች ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸደይ ወራት በአደባባይ መድረክ የሚያቀርቡት ሚያኮ ኦዶሪ የተባለው ትርኢት ሥራቸውን በተሻለ ያሳያል።